ዘንባባውን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው

ያን ዘንባባ አጥፊው፣ እህቴ። ገና በወረቀት ላይ ነው፤ ላጲስ ይበቃዋል። ወደ ባሕሩ ያጋደለ፣ ኮኮናት የተንጠለጠለበት፣ ከኋላው ፀሐይ የምትጠልቅ ዛፍ ከአስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ የመጣ ነው። የምትሠሪው ኩባን ነው፤ ኩባ ደግሞ የራሷ ዘንባባ አላት። ንጉሣዊ ዘንባባ ይሉታል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ዛፍ ነው፣ አርማዋም ላይ አለ። ግንዱ እንደ ሲሚንቶ ዓምድ ግራጫና ቀጥ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ወፈር ይልና ወደ ላይ ይቀጥናል። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ልሙጥ አረንጓዴ አንገት አለው። ይህን ዛፍ ቀጥ አድርገሽ ብታቆሚው፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ከበር ሲገባ ይለየዋል። ይህን የሴራሚክ ሥዕል ለግቢያቸው ግድግዳ ያዘዙሽ ሰው ደግሞ አገሩን የሚያውቁ ናቸው።

እሳቸውን መርሳት የለብሽም። ኩባን በሽርሽር አያውቋትም፤ ልጅነታቸውን ነው ያሳለፉባት። ያደጉባት የወጣቶች ደሴት ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ ያለች ናት፤ እስከ 1978 ድረስ ስሟ የጥድ ደሴት ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ)። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን ወደዚያ ተልከዋል። ብዙዎቹ አባታቸው ጦር ሜዳ የቀረባቸው ነበሩ። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ ከመጡ እኩዮቻቸው ጋር ገጠር ውስጥ በተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ገብተው፣ ግማሹን ቀን እየተማሩ፣ ግማሹን ቀን በግሬፕፍሩት እርሻ ውስጥ እየሠሩ አደጉ። እንዲህ ላለ ሰው ጃንጥላ የተተከለበት ነጭ አሸዋ ሠርተሽ ብታስረክቢ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የሌላ ሰው ትዝታ ግቢያቸው ውስጥ ሰቀሉ ማለት ነው። እኔ ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

ስለዚህ እርሳሱን አስቀምጪና ሄደሽ አብረሻቸው ቡና ጠጪ። «ምን ልሣልልዎት?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ የሚመልሰው ያው ባሕርና ዘንባባ ነው። ጠዋት ሲነሱ በመስኮቱ መጀመሪያ የሚታየው ምን እንደነበር ጠይቂያቸው። ፍሬው በምን ነበር የሚለቀመው፣ በምንስ ይጫናል? የዩኒፎርሙ ቀለም ምን ነበር? ማታ ላይ ንፋሱ ምን ይሸታል? መልሱን ከነአነጋገራቸው ጻፊው። ዝም ያሉበትም ቦታ ካለ አክብሪው፤ ሁሉም ትዝታ ግድግዳ ላይ አይወጣም።

በበኩልሽም ስለ ደሴቲቱ አንብቢ። ዋና ከተማዋ ኑዌቫ ሄሮና በእብነ በረድ ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የቢቢሃጓ ባሕር ዳርቻ አሸዋው ጥቁር ነው፤ ይህን ሳታውቂ ብጫ አሸዋ ልትሠሪ ነበር። ጥዱ አለ፣ ግሬፕፍሩቱ አለ። ግንባሩ ነጭ፣ ጉሮሮው ቀይ፣ ገላው አረንጓዴ የሆነ በቀቀንም አላት። ኤል ፒኔሮ የሚባለው፣ ሰውን ከዋናው ምድር ሲያመላልስ የኖረው መርከብ ዛሬ በከተማዋ ወንዝ ዳር ለመታሰቢያ ቆሟል። ትምህርት ቤቶቹም ራሳቸው አሉ፤ አስቀድሞ በተዘጋጀ ኮንክሪት የተገጣጠሙ፣ ረጃጅም፣ መስኮታቸው በረድፍ የተደረደረ። ተማሪ ያልነበረ ሰው አስቀያሚ ሊላቸው ይችላል። ላንቺ ግን ስጦታ ናቸው፤ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የሆነ ሕንፃ አራት ማዕዘን በሆነ ሴራሚክ ላይ ሲሠራ በተፈጥሮው ይቀመጣል። ከባሕሩ ይልቅ ትምህርት ቤቱን የሥዕልሽ መሐል ብታደርጊው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ተመልከቺ። በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ፑንታ ዴል ኤስቴ በሚባለው ቦታ፣ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የኖሩ ሰዎች በዋሻ ውስጥ የሣሏቸው ሥዕሎች አሉ። ከ200 በላይ ናቸው። ታዋቂዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ክቦች ሲሆኑ፣ ቀይና ጥቁር እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ኩባዊው ሊቅ ፈርናንዶ ኦርቲዝ በ1922 ሄዶ አጥንቷቸዋል። ቀዩንም ጥቁሩንም ከብረትና ከማንጋኒዝ ማውጣት ስለምትችዪ እጅሽ ሊፈጥን ይችላል፤ አንድ ጥግ ሲጎድልሽ ክብ፣ ሌላ ጥግ ሲጎድልሽ ሌላ ክብ። እንዲህ አታድርጊ። እነዚያ ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ምልክታቸው የክፍተት መሙያ መሆን የለበትም። ካስገባሻቸው አንድ ቦታ ምረጪ፤ ለምሳሌ ከኮረብታው ሥር፣ በመሬቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ክብ። ከዚያ ተያቸው።

አሁን ወደ ቀለም። ጠረጴዛሽ ላይ የደረደርሻቸውን ብልቃጦች እያየሁ ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩን መልሺ። ካሪቢያን ሲባል ሁሉም ቀለም በአንድ ላይ መጮህ አለበት የሚለውን ሐሳብ ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ የኩባ ታላላቆች ግን እንዲህ አልሠሩም። አሜሊያ ፔላዬስን ታስታውሻለሽ? በ1896 የተወለደችው፣ ፓሪስ ተምራ በ1934 ወደ ሃቫና የተመለሰችው ሠዓሊ። ከ1950 ጀምሮ ሃቫና አጠገብ፣ ሳንቲያጎ ዴ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሐኪም ባቋቋመው የሸክላ ወርክሾፕ ገብታ እንደ ተማሪ ሸክላ መቀባት ጀመረች። ሬኔ ፖርቶካሬሮና ዊፍሬዶ ላምም እዚያው ቀብተዋል። ስማቸው የገነነ ሠዓሊዎች እሳትን ከሥር ጀምረው ተማሩ። በ1958 ሃቫና ውስጥ የተከፈተው የሂልተን ሆቴል፣ ዛሬ ሃባና ሊብሬ የሚባለው፣ ከመግቢያው በላይ የአሜሊያን ሥራ ተሸክሞ ቆሟል። ርዕሱ የኩባ ፍራፍሬዎች ነው። ፍራፍሬ ነው ሲባል ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ብጫ ትጠብቂያለሽ። እሷ ግን ሥራውን በሰማያዊና በነጭ ላይ ነው ያቆመችው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ የሚያይ ሰው ፍሬውን በቅርጹ ይለየዋል፤ ሰማያዊው ደግሞ የባሕሩን አየር ይሰጠዋል። በብዙ ቀለም የማይገኝ ጸጥታ ነው።

ላንቺ ሥራ እኔ ብሆን የምመርጠውን ልንገርሽ፤ የኮባልት ሰማያዊ፣ የመዳብ አረንጓዴ፣ ለግሬፕፍሩቱ አንድ ብጫ፣ ለመስመሩ የማንጋኒዝ ጥቁር ቡናማ፣ እና የሸክላው ነጭ። ነጩን ቀለም ብለሽ ቁጠሪው። ቀይ የምትፈልጊው ለበቀቀኑ ጉሮሮና ለዋሻው ክብ ብቻ ነው። ለክቡ የብረት ቀይ ይበቃል፤ ጠቆር ቢልም ከዋሻው ጋር ይስማማል። የጉሮሮውን ደማቅ ቀይ ግን በብረት አታገኚውም። ለእቶን ሙቀት ተብሎ የተዘጋጀ ቀይ መግዛት አለብሽ፤ እሱም ሙቀቱ ካለፈበት ይጠፋል። ለትንሽ ጉሮሮ ብለሽ ትንሽ ግዢ።

መስመሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራሽ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነውና። የአሜሊያን ሥዕሎች ስታዪ ወፍራም ጥቁር መስመር እያንዳንዱን ቅርጽ ይከብባል። በድሮ የሃቫና ቤቶች ከበር በላይ በግማሽ ክብ የሚሠራ ባለቀለም መስታወት አለ፤ የመስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ አለ። እሷ እነዚህን ከቤቷ እያየች ኖራ ነው ያን መስመር ያገኘችው። ሸክላ ደግሞ ይህን መስመር የሚወድበት የራሱ ምክንያት አለው። ግሌዝ፣ ማለትም ሲቃጠል ወደ መስታወትነት የሚለወጠው ቅብ፣ እቶን ውስጥ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ አንዱ ቀለም ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ይህን ለማገድ የስፔን ሸክላ ሠሪዎች ከዘመናት በፊት ኩዌርዳ ሴካ የሚባል ዘዴ ይዘዋል። ማንጋኒዝን ከቅባት ጋር ለውሶ በዚያ መስመር መሳል ነው። ውኃ የያዘው ግሌዝ ቅባቱን ስለማይሻገር እያንዳንዱ ቀለም በየክልሉ ይቀመጣል። ሲቃጠል ቅባቱ ይጠፋል፤ የማይብለጨለጭ ጥቁር መስመር ይቀራል። እጅሽ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ቅርጹን የሚከብበውን ጥቁር መስመር ስትገለብጪ ነው ያደግሽው። ያንኑ ድፍረት እዚህ አምጪው። አሁን የምታሰምሪው መስመር ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነው፤ ከሦስት ሜትር ርቀት አይታይም። እስቲ ብሩሹን ወፍራሙን ያዢ። አዎ፣ እሱን። ትንፋሽሽን ያዢና ከትከሻሽ ሳቢው፤ ከጣትሽ አይደለም።

ለሰማዩና ለኮረብታው ግን ኩዌርዳ ሴካ አይመቸውም፤ እዚያ ላይ ማዮሊካ የሚባለውን ዘዴ ተጠቀሚ። ሸክላውን ነጭ ግሌዝ ውስጥ ነክረሽ ሲደርቅ ላዩ ዱቄት ይሆናል፤ በዚያ ዱቄት ላይ ነው የምትቀቢው። ብሩሹ እንደነካ ቀለሙ ይመጠጣል፣ ማጥፋት የለም። ስለዚህ ሥዕሉን አስቀድመሽ በወረቀት ላይ በሙሉ መጠኑ ጨርሺ። መስመሩን ተከትለሽ በመርፌ ብሺውና ሸክላው ላይ አስተኝተሽ በከሰል ዱቄት መታ መታ አድርጊው። የከሰሉ ነጥብ መንገድ ያሳይሻል፤ እሳቱ ደግሞ ያጠፋዋል። ስትቀቢ የምታዪውን ቀለም አትመኚ። ኮባልት ካርቦኔት ሳይቃጠል ሐምራዊ ሮዝ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው እሳት ካገኘው በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የሙከራ ሸክላ ሳይኖርሽ አንድም ቁራጭ እንዳትነኪ። እያንዳንዱን ቀለም በቀጭኑ፣ በመካከለኛውና በወፍራሙ ቀብተሽ አቃጥዪና አጠገብሽ ስቀዪው። ዱቄቶቹን ስትለውሺ ማስክ አድርጊ፤ ማንጋኒዝም የሸክላ አቧራም ለሳንባ ክፉ ናቸው። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ እንጂ በመጥረጊያ አታቦንኚው። እርሳስ ያለበት ግሌዝ በርካሽ ቢያቀርቡልሽም ቤትሽ አታስገቢ።

ሸክላዎቹ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ናቸው ብለሽኛል፤ 14 በወርድ፣ 8 በቁመት፣ በጠቅላላው 112። 12 ያህል ትርፍ አብረሽ አቃጥዪ፤ የሚሰነጠቅ አይጠፋም። ልኩን ለሰውዬው ስትነግሪ 210 በ120 እንዳትይ። በየመካከሉ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲገባ 214 በ122 ይሆናል። ይህች አራት ሴንቲ ሜትር ግንበኛውን ታጣላሻለች። ክፍተቶቹን በሥዕሉ ወረቀት ላይ አስምሪያቸውና ምን ላይ እንደሚያልፉ እዪ። አሁን ባለው ንድፍሽ አንዱ መስመር በሣልሽው ልጅ ዓይን መሐል ያልፋል። ልጁን ወደ ግራ አምጪው። ፊት፣ እጅና የወፍ ዓይን በአንድ ሸክላ ውስጥ ሙሉ ሆነው ይግቡ፤ ግንድ፣ ግድግዳና ባሕር ቢቆረጡ ምንም አይሉም። ጀርባቸው ላይ ረድፍና ተራ ቁጥር ጻፊ፣ የላይኛውንም አቅጣጫ በቀስት አመልክቺ። በእስክሪብቶ አይሁን፤ እስክሪብቶ እቶን ውስጥ ይጠፋል፤ በብረት ኦክሳይድ ጻፊው።

ስለ ዙሪያው ጠርዝ ያሰብሽውን ወድጄዋለሁ። ሙሉ ሴራሚክ ሳይሆን ስባሪ ይሁን። ይህን ስትሠሪ ኩባዊውን ሠዓሊ ሆሴ ፉስተርን አስቢው። ከሃቫና በስተምዕራብ ሃይማኒታስ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለች፤ ፉስተር ወደዚያ የገባው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። መጀመሪያ የራሱን ቤት በሴራሚክ ስባሪ ሸፈነ፤ ከዚያ የጎረቤቱን፣ ከዚያ የሌላውን። ዛሬ ከ80 በላይ ቤቶች፣ አጥሮች፣ መቀመጫዎች፣ አውቶቡስ ማቆሚያ ሳይቀር በእሱና በሰፈሩ ሰዎች እጅ ተለብጠዋል። ባርሴሎና ያለውን የጋውዲን ሥራ አይቶ ነው ዘዴውን ያመጣው፤ ዶሮው፣ ዓሣው፣ አዞው፣ ገበሬው ግን የኩባ ናቸው። ከእሱ የምትወስጂው ዶሮውን አይደለም። ዶሮው የእሱ ነው፣ ተዪለት። የምትወስጂው ስባሪ ሴራሚክ በጠመዝማዛ ነገር ላይ መተኛት እንደሚችልና እሱም የጎረቤቶቹን ቤት ፈቃዳቸውን ጠይቆ እንደለበጠ ነው። ለጠርዝሽ የሚሆን ስባሪ መርካቶ የሴራሚክ ሱቆች ጋ ሞልቷል፤ ሲወርድ የተሰበረውን በትንሽ ገንዘብ ይሰጡሻል። በጨርቅ ጠቅልለሽ በመዶሻ ምቺው፣ መነጽር አድርጊ፣ የሰላውን አፍ ሞርጂው፤ የግቢ ግድግዳ ነው፣ የልጅ እጅ ይነካዋል።

እቶን ላይ አትቸኩዪ። እስከ 600 ዲግሪ ድረስ ቀስ እያልሽ ውጪ፤ በሸክላው ውስጥ የታሰረው ውኃ የሚወጣው በዚያ መሐል ነው። ከዚያ እንደ ግሌዝሽ ዓይነት እስከ 1040 አካባቢ ትሄጃለሽ። ከላይኛውና ከታችኛው መደርደሪያ የሚወጣው ሰማያዊ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ስለዚህ የባሕሩን ሸክላዎች በሙሉ አንድ መደርደሪያ ላይ አድርጊያቸው። መብራት ቢሄድ በሩን እንዳትከፍቺ፤ ተዘግቶ ይጠብቅ፣ ሲመጣ ትቀጥያለሽ። ሲያልቅም ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ መክደኛውን አትንኪ። እኅተ ልቤ፣ ይህን ሌሊት ቁጭ ብለሽ ማየት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ተኚ።

ግድግዳው ደግሞ የክረምት ዝናብ የሚመታው ነው። ሸክላሽ ውኃ ይመጥጣል፤ ውኃው ከኋላ ከገባ ከሲሚንቶው ውስጥ ጨው እየሳበ ነጭ አድርጎ ላዩ ላይ ያወጣዋል። መከላከያው ከላይ ነው። ከሥዕሉ በላይ ውኃ የሚያንጠባጥብ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ክዳን ይሠራ፤ ግድግዳውም ከልስኑ በኋላ በደንብ ይድረቅ። ኖራ በተቀባ ልስን ላይ እንዳታስለጥፊ፣ ኖራው ተልጦ ሥራሽን ይዞ ይወርዳል። ክፍተቶቹን የምትሞይበት ቦያካ ነጭ አይሁን፤ ነጭ ቦያካ ሥዕሉን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍለዋል። ከመስመርሽ ጋር የሚቀራረብ ጥቁር ግራጫ በሁለት ትርፍ ሸክላ ላይ ሞክሪው። ሲጠረግ በአሲድ እንዳያጥቡት ለሠራተኞቹ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ክፍያውን ግማሹን ቀድመሽ ተቀበዪ፣ የተስማማችሁበትን ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሥራው ላይም ስምሽን አስፍሪ፤ ከታች በቀኝ ጥግ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ በብሩሽ፣ ከመቃጠሉ በፊት።

ንድፉን ካስተካከልሽ በኋላ ወረቀቱን ጠቅልለሽ ወስደሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊላቸውና ከበሩ ጋ ሆነው ይዩት። ካዩት በኋላ መጀመሪያ እጃቸው የሚያመለክትበትን ቦታ ልብ በዪ፤ እሱን አትንኪ፣ ሌላውን ማሻሻል ትችያለሽ። ከዚያ ለሴራሚክ ገጣሚው ደውዪና ቀን ቁረጡ። የመጀመሪያዋን ረድፍ ሲያስቀምጥ ውኃ ልኩን ይዘሽ አጠገቡ ቁሚ፤ ከታች ጀምሮ ነው የሚሠራው፣ የታችኛዋ ረድፍ ከተጣመመች ሰባቱም አብረዋት ይጣመማሉ።